የለመደ እጅ ሲቀየር ኪሳራውን ማን ይከፍላል? የቤን ሆጋን ሕይወት

ባለፈው ክረምት በአሥር ጣት መጻፍ ልልመድ ብዬ ተነሳሁ። እስከዚያ ድረስ ኪቦርድ ላይ የምጽፈው በሁለት ጣት ነበር። ፍጥነቴ ለክፉ አይሰጥም፣ ግን ስህተቴ ብዙ ነው። ሦስት ቀን ታገልኩ። አንድ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ ሙሉ ጠዋት ወሰደችብኝ። እኔ ደግሞ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ የምበላው በጻፍኩት ልክ ነው። በአራተኛው ቀን ወደ ሁለቱ ጣቶቼ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ዩቲዩብ ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም አየሁ። ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ፊቱ የማይፈታ ቀጭን ሰውዬ የጎልፍ ኳስ ይመታል። ደጋግሜ አየሁት። እውነቱን ለመናገር እኔ የጎልፍ ዱላ ይዤ አላውቅም። ግን የሰውዬው እንቅስቃሴ ውስጥ አንድም ትርፍ ነገር አልነበረም። ስሙ ቤን ሆጋን ይባላል። ታሪኩን ማንበብ ስጀምር ያ የተዋበ ምት አብሮት እንዳልተወለደ ገባኝ። የለመደውን አፍርሶ፣ ተርቦ፣ እንደገና አፍርሶ የሠራው ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው፤ የሚሠራልንን ነገር ለመቀየር ስለሚከፈለው ዋጋ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው

ጎልፍ ለማታውቁት በአጭሩ፦ ሜዳው ላይ 18 ጉድጓዶች አሉ። ትንሿን ኳስ በዱላ እየመታችሁ በቅደም ተከተል ጉድጓዶቹ ውስጥ ትከታላችሁ። በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ዱላውን ወደ ኋላ ወስዶ ኳሷን እስከ መምታት ያለው እንቅስቃሴ ስዊንግ ይባላል። ስዊንግ ሁለት ነገር ይፈለግበታል፦ ኃይልና ትክክለኛነት። ችግሩ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። በኃይል ስትመቱ ኳሷ ትጠፋለች፤ በጥንቃቄ ስትመቱ ደግሞ ቅርብ ትወድቃለች።

ሆጋን የተወለደው ነሐሴ 1912 በአሜሪካ ቴክሳስ ነው። አባቱ ቼስተር አንጥረኛ ነበር፤ ለፈረስ ጫማ የሚሠራ። መኪና ሲበዛ የአንጥረኛ ገበያ ቀዘቀዘ። በ1922 አባትየው የራሱን ሕይወት አጠፋ። ቤን ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ፎርት ወርዝ ከተማ ነበርና ልጁ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ መሸጥ ጀመረ።

በ11 ዓመቱ ግሌን ጋርደን በሚባል ክለብ ካዲ ሆነ፤ ማለትም የተጫዋቾችን ዱላ ተሸካሚ። ሙያውን የተማረው እዚያ፣ ሌሎች ሲመቱ እያየ ነው። የሚገርመው እዚያው ክለብ፣ በዚያው ዓመት የተወለደ ሌላ ካዲ ነበር፤ ባይረን ኔልሰን። እሱም በኋላ ከዓለም ታላላቆች አንዱ ሆኗል። በ1927 በካዲዎች የገና ውድድር ሁለቱ እኩል ወጡ፣ በመለያው ኔልሰን በአንድ ምት አሸነፈ። ኔልሰን ረጅምና ተወዳጅ ልጅ ነበር። ሆጋን አጭር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ።

የደሃ ልጅ ኃይል

አካሉ ትንሽ የሆነ ልጅ ኳስ ሩቅ ለመላክ ምን ያደርጋል? ዘዴ ይፈልጋል። ሆጋን ያገኘው ዘዴ ሁክ ይባላል። ግራ እጁን ዱላው ላይ ወደ ቀኝ አዙሮ ይይዛል። በሚመታበት ቅጽበት እጆቹ በፍጥነት ሲዞሩ የዱላው ፊት ወደ ግራ ይዘጋል። ኳሷ ዝቅ ብላ ትሄድና ወደ ግራ ትታጠፋለች፣ መሬት ስትነካ ደግሞ ትንከባለላለች። ያ መንከባለል ትርፍ ሜትሮች ይሰጣል።

ለካዲ ልጅ ይኼ ግሩም ነው፤ ለፕሮፌሽናል ግን መርዝ። ምክንያቱም ሁክ መጠኑን አያውቅም። አንዴ ትንሽ ይታጠፋል፣ አንዴ ደግሞ ዛፍ ውስጥ ይገባል። በጣም የሚከፋው ደግሞ ጭንቀት በበዛበት ሰዓት ነው። ተጫዋቹ ሲጨነቅ በኃይል ይመታል፤ በኃይል ሲመታ እጁ ይበልጥ ይዞራል፤ ኳሷ ይበልጥ ትጠፋለች።

ሆጋን ትምህርቱን ሳይጨርስ በጥር 1930 ፕሮፌሽናል ሆነ። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ዓመቱን ልብ በሉ። የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ሰው ሥራ በሚያጣበት ዘመን እሱ ሥራው ጨዋታ ይሆን ዘንድ ወጣ። ውድድር ላይ ሽልማት የሚያገኙት ከላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ለጉዞ፣ ለሆቴል፣ ለምግብ የሚከፈለው ግን ከራስ ኪስ ነው። ሆጋን ገንዘቡ እያለቀበት ተደጋግሞ ወደ ፎርት ወርዝ ተመለሰ፤ ያገኘውን ሥራ ሠርቶ፣ ትንሽ አጠራቅሞ እንደገና ይወጣል። በ1935 ቫለሪ ፎክስን አገባ። ከዚያ በኋላ ችግሩ የሁለት ሰው ሆነ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። እኛ ተማሪ ሳለን የጄ ኩርባ የሚባል ነገር ተምረናል። አንድ ለውጥ ሲደረግ ውጤቱ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሥዕሉ ላይ ቀላል ይመስላል። ግን ሥዕሉ አንድ ነገር አይነግራችሁም፤ ወደ ታች በወረደበት ሰዓት ራት ምንድን ነው የሚበላው? ባንክ ገንዘብ ያለው ተጫዋች ስዊንጉን አፍርሶ አንድ ዓመት ሊሸነፍ ይችላል። ሆጋን ግን በሚቀጥለው ሳምንት ካላሸነፈ ቤንዚን የለውም። ስለዚህ የሚጎዳው መሆኑን እያወቀ በሁክ ይመታ ነበር። ስንፍና አይደለም፤ መውረጃውን የሚከፍልለት ሰው ስለሌለ ነው።

ያልተወሰደው ብድር

በ1937 ክረምት ሆጋንና ቫለሪ ፎርት ወርዝ አንድ ሆቴል ውስጥ ይከራከራሉ። ለሁለቱ የሚሆን የጉዞ ገንዘብ የለም። እሱ ብቻውን ይሂድ ወይስ በቃ ይተወው? ሄንሪ ፒካርድ የሚባል ታዋቂ ተጫዋች ክርክሩን ሰምቶ ጠጋ አለ። ሁለታችሁም ሂዱ፣ ገንዘብ ካለቀባችሁ እኔ አለሁ አላቸው።

ብዙም ሳይቆይ በጥር 1938 ኦክላንድ ላይ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጠዋት ሲወጣ የመኪናው ጎማዎች ተሰርቀዋል። በሰው መኪና ተለምኖ ሜዳ ደረሰ፣ ጥሩ ተጫወተ፣ ጥቂት መቶ ዶላርም አገኘ። ያቺ ገንዘብ ጉዞውን እንዲቀጥል አደረገችው። የፒካርድን ገንዘብ አንድ ቀንም አልወሰደም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ይኼ ነው። ገንዘቡ ሳይከፈል ሥራውን ሠራ። ከጀርባህ ሰው እንዳለ ማወቅ ራሱ ዋስትና ነው። ሰው ዋስትና ሲኖረው ሊሳሳት ይደፍራል፤ ለመቀየር ደግሞ መጀመሪያ ለመሳሳት መድፈር ያስፈልጋል።

ፒካርድ ሌላም ነገር ሰጠው። ሆጋን ስለ ሁኩ ሲያማክረው የግራ እጁን አያያዝ እንዲቀይር አሳየው። እጁ ወደ ግራ ይመለስ፣ አውራ ጣቱ የዱላው ላይኛው ፊት ላይ ይቀመጥ። እንዲህ ሲያዝ የዱላው ፊት በቀላሉ አይዘጋም። ለማየት የጣት ስፋት ያህል ለውጥ ናት። ለሚመታው ሰው ግን የሰው እጅ የተበደረ ያህል ነው። ለዓመታት የለመደው ሁሉ ስህተት መስሎ ይሰማዋል።

በመጋቢት 1940 ሆጋን ፓይንኸርስት ላይ አሸነፈ። በጥንድ ከተገኘች አንዲት ድል በስተቀር፣ ፕሮፌሽናል ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ ለብቻው የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው ግሪንስቦሮና አሽቪልን ጨመረ። ሦስት ድል በተከታታይ! በዚያ ዓመት፣ በሚቀጥለውና ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት በሽልማት ገንዘብ አንደኛ ሆነ። በኋላ በ1948 ያሳተመውን የመጀመሪያ መጽሐፉን ለፒካርድ መታሰቢያ አደረገው።

ሁለተኛው ማፍረስ

እኔ ብሆን እዚህ ጋ አቆም ነበር። ገንዘብ መጣ፣ ስም መጣ፣ ምን ቀረ? ሆጋን ግን ሁኩ እንዳልሞተ ያውቃል። ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። ጦርነቱ መጣ፣ በአየር ኃይል ውስጥ አገልግሎ ተመለሰ። በ1946 ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ በመጨረሻዋ ሰዓት ድል ከእጁ ታመልጥ ነበር፤ ሁኩም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ያኔ ውድድሩን ትቶ ቤቱ ገባ።

እሱ ራሱ በ1955 ለላይፍ መጽሔት እንደተረከው፣ መፍትሔው የመጣለት አልጋ ላይ ተኝቶ ሲያስብ ነው። ነገሩ ሁለት ቁራጭ አለው። አንደኛው ያ የግራ እጅ አያያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ዱላውን ወደ ኋላ ሲወስድ ክንዱን ማዞርና ጫፍ ላይ ሲደርስ የግራ አንጓውን በትንሹ ወደ ኋላ ማጠፍ። ይህ የዱላውን ፊት በጣም ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል በኃይል ቢመታ የዱላው ፊት ኳሷ ጋ እስኪደርስ ድረስ ከልክ በላይ ሊዘጋ አይችልም።

ይኼን ልብ በሉ፦ ኃይልና ትክክለኛነትን ያስታረቀው ኃይሉን በመቀነስ አይደለም። ኃይል ሲጨመር ስህተት የሚሆንበትን መንገድ ዘጋው። ኳሷ አሁን ወደ ግራ በመታጠፍ ፋንታ በስሱ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ ፌድ ይባላል። ከፍ ብላ ሄዳ ቀስ ብላ ታርፋለች፤ ብዙም አትንከባለልም። ጥቂት ሜትር ጠፋች፣ አዎ። በምላሹ ፍርሃት ጠፋ። የማይፈራ ሰው ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን መጠቀም ይችላል።

በነሐሴ 1946፣ በ34 ዓመቱ፣ የመጀመሪያ ሜጀሩን ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን በላ። ሜጀር ማለት በዓመት አራት ብቻ የሚካሄዱት ትልልቆቹ ናቸው። በ1948 ፒጂኤን እንደገና፣ ዩኤስ ኦፕንን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ።

አውቶቡሱ

የካቲት 2 ቀን 1949፤ ቫን ሆርን የምትባል የቴክሳስ ከተማ አጠገብ። መንገዱ ላይ ጉም አለ። ሌላ መኪና ሊቀድም የወጣ አውቶቡስ ፊት ለፊት መጣ። ሆጋን ሚስቱን ለማዳን ራሱን ወደ እሷ ወረወረ። የመሪው ዘንግ እሱ የነበረበትን ወንበር ወጋው። ቫለሪን ያዳናት እሱ ነው፤ ራሱንም ያዳነው ያው ነው።

የዳሌ አጥንቱ፣ የአንገት አጥንቱ፣ የግራ ቁርጭምጭሚቱና የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ ደም እየረጋ ወደ ሳንባው መሄድ ጀመረ፤ ሐኪሞች ሕይወቱን ለማትረፍ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን ሥር አሰሩት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እግሩ ያብጥ ነበር። መራመዱ ራሱ የሚያጠራጥር ነበር፤ ጎልፍማ አይነሳ።

በሰኔ 1950፣ ከ16 ወር በኋላ፣ ፊላዴልፊያ አጠገብ ሜሪየን በሚባል ሜዳ ዩኤስ ኦፕን ላይ ቆመ። እግሮቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። በዚያ ዘመን የመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓድ ነበር፤ ጠዋት 18፣ ከሰዓት 18። መጨረሻ ላይ እየጎተተ ነበር የሚራመደው። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ከረጅም ርቀት ለመምታት በጣም ከሚከብዱት ዱላዎች አንዱን አወጣና ኳሷን ግሪኑ ላይ አሳረፋት። ያቺ ምት ከኋላው ተነስታ፣ ፎቶዋ የጎልፍ ታሪክ ታዋቂው ምስል ሆኗል። እሷ ግን ያስገኘችለት መለያ ጨዋታ ብቻ ነበር። በማግስቱ 18 ጉድጓድ እንደገና ተጫውቶ በ69 ምት ጨረሰ፤ ሎይድ ማንግረም 73፣ ጆርጅ ፋዚዮ 75።

የደከመ እግር ስዊንግን ያፈርሳል። ምክንያቱም ሆጋን ዱላውን ወደ ታች የሚያወርደው በእጁ ጀምሮ አይደለም፤ መጀመሪያ ዳሌው ወደ ዒላማው ይዞራል፣ ትከሻና ክንድ ይከተላሉ፣ እጅ መጨረሻ ነው። እንግዲህ ያ ዳሌ ነው የተሰበረው። ስለዚህ በዓመት ጥቂት ውድድር ብቻ እየመረጠ መጫወት ጀመረ። በ1953 ስድስት ተጫውቶ አምስቱን አሸነፈ። ከአምስቱ ሦስቱ ሜጀር ናቸው፦ ማስተርስ፣ ዩኤስ ኦፕንና በስኮትላንድ ካርኑስቲ የተካሄደው የብሪታኒያ ኦፕን። አራተኛው ፒጂኤ ከብሪታኒያው ጋር ቀኑ ይጋጭ ስለነበር ሁለቱን መጫወት አይቻልም ነበር።

ካርኑስቲ ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ በግራ በኩል የሜዳው ወሰን አጥር አለ፤ ካለፈችው ኳስ ቅጣት ነው። መሐል ላይ የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። ብልጥ ሰው በቀኝ ይሄዳል። ሆጋን ኳሱን በዚያች በጠባቧ እንደላከ ይተረካል፤ ጉድጓዱም ዛሬ በስሙ ይጠራል። አስቡት፤ የድሮው ሁክ ሰው፣ በግራው አጥር እያለ! በአራቱ ዙር 73፣ 71፣ 70፣ 68 እያለ እየተሻሻለ አሸነፈ። ኒውዮርክ በጎዳና ሰልፍ ተቀበለችው።

የሰው መድኃኒት

በ1957 ኸርበርት ዋረን ዊንድ ከተባለ ጸሐፊ ጋር አምስት ትምህርቶች የምትል ቀጭን መጽሐፍ አወጣ፦ አያያዝ፣ አቋቋም፣ የስዊንጉ መጀመሪያ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ክለሳ። እስከ ዛሬ ይሸጣል። ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሆጋን በሽታ ኳስ ወደ ግራ መታጠፍ ነበር። የአብዛኛው ጀማሪ በሽታ ተቃራኒው ነው፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ያ ጀማሪ የሆጋንን የግራ እጅና የአንጓ ምስጢር ቢቀዳ ኳሱ ጭራሽ ወደ ቀኝ ትጠፋለች። የሰው መድኃኒት መዋጥ ማለት ይኼ ነው። መቀዳት ያለበት መልሱ ሳይሆን አሠራሩ ነው፦ የራስን ስህተት ለይቶ ማወቅ፣ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ውጤቱን እየቆጠሩ መደጋገም። ሆጋን ከውድድር በኋላ ሌላው ሲያርፍ እሱ ልምምድ ሜዳ ላይ ነበር።

በ1953 የራሱን የዱላ ፋብሪካ ፎርት ወርዝ ላይ ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ዱላዎች ተመርተው ሲያያቸው አልወደዳቸውም። ገንዘብ ወጥቶባቸዋል፣ ባለአክሲዮኖች ይጠብቃሉ። እሱ ግን አስጣላቸው። ክፍል ውስጥ ያለፈ ወጪ ስለ ነገ ውሳኔ አይናገርም ብለው ሲያስተምሩን ሁላችንም አዎ ብለናል፤ ሲያደርገው ያየሁት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሆጋን ሐምሌ 25 ቀን 1997 በ84 ዓመቱ ፎርት ወርዝ ውስጥ አረፈ። ዘጠኝ ሜጀር፣ በጠቅላላው ከ60 በላይ የፒጂኤ ቱር ድል። ዘጠኙ ሜጀሮች ሁሉ የመጡት ከ34 ዓመቱ ጀምሮ ነው፤ ስድስቱ ከአደጋው በኋላ።

ስለ እሱ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ጽናቱ ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ለወጣት ሁሉ ራስህን ቀይር፣ አዲስ ሙያ ተማር የሚል ምክር በሽ ነው። መውረጃውን እኔ እይዝልሃለሁ የሚል ግን ስንት አለ? ሆጋን ቫለሪ ነበረችው፤ ፒካርድ ነበረው። እጁን የቀየረው እሱ ነው፣ እጁን እንዲቀይር ጊዜ የገዙለት ግን እነሱ ናቸው።

ይኼን ታሪክ አብሮኝ ለሚኖረው ጓደኛዬ ሳወራው ዝም ብሎ ሰማኝ። ሲጨርስ፣ አንድ ወር ብታጎድል የቤት ኪራዩን እኔ እሞላዋለሁ አለኝ። እስካሁን አላስፈለገኝም። ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት በአሥር ጣት መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለእንጀራዬ በሁለቱ እቀጥላለሁ። የዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች በአሥር ጣት ናቸው። ሁለት ሰዓት ፈጅተዋል።